የአቧራዎቹ ጭፈራ

«እማዬ፣ ለምንድን ነው የሚያለቅሱት?»

«ዝም በይ» አለች እናቴ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። «ባህላቸው ነው።»

በአዳራሹ ውስጥ ከኋላ፣ በሩ ጥግ ባለው አግዳሚ ላይ፣ የፍራሽ አዳሾቹ ሴቶች የሻሻቸውን ጫፍ አፍና አፍንጫቸው ላይ አስረው ተደርድረዋል። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። የአዳሹ ሚስት ጭራሽ ግንባሯን አጠገቧ ባለችው ሴት ጭን ላይ ደፍታለች። መድረኩ ላይ ባሏና ልጇ ዱላ ይዘው ይጨፍራሉ። እኔ ደግሞ የሰው እንባ አይቼ የማልችል ልጅ ስለነበርኩ አብሬ አነባሁ። አገራቸው ትዝ ብሏቸው ነው ብዬ። አገራቸው የት እንደሆነ ባውቅ እኮ ደግ ነበር፤ የተወለዱት ከእኛ ግድግዳ ማዶ ነው።

አሁን ሳስበው፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የምሩን ያለቀሰ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ።

የእኛና የፍራሽ አዳሹ ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ማለዳ የሚቀሰቅሰን የእነሱ ዱላ ነበር። አሮጌው ፍራሽ ይተረተርና የተጋገረው ጥጥ ግቢው ውስጥ በተነጠፈ ሸራ ላይ ይዘረገፋል። ከዚያ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ በቀጭን ዱላ ተራ በተራ ይመታዋል። አንዱ ሲያነሳ ሌላው ያወርዳል፤ አንዱ ወደ ግራ ሲረግጥ ሌላው ወደ ቀኝ። ካልተግባቡ ዱላው የሚያርፈው ጉልበት ላይ ነው። ጥጡ ቀስ በቀስ ይፍታታል፣ ይነፋል። አቧራው ደግሞ ግድግዳውን ተሻግሮ እኛ ቤት ይገባል።

ስለዚህ ስማቸው «አቧራዎቹ» ሆነ። ሰፈሩ በሙሉ የሚተኛው እነሱ ባፍታቱት ጥጥ ላይ ነው፤ ሲነቃ ይንቃቸዋል። ፍራሽ ሲጎረብጥ «አቧራዎቹን ጥሯቸው» ይባላል፤ ድግስ ሲሆን «አቧራዎቹማ ምን ሊሠሩ!» እናቴም ከሰፈሩ አትለይም። ካውያቸውን ተውሳ የእኛን ልብስ እየተኮሰች ታማቸዋለች።

ስለ ሥራቸው የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነበር። አንደኛ፣ ያለ ጥጥ ዱላ አይነሳም፤ አየር የመታ ዱላ ሰው ይፈልጋል ይላሉ። ደግሞ ከፍራሽ ሆድ የወጣ ነገር ሁሉ፣ የወርቅ ቀለበትም ይሁን የበሰበሰ ካልሲ፣ እዚያው ወደ ላይ ተነስቶ ለባለቤቱ ይታያል። «ሰረቁኝ» እንዳይባሉ ነው። እኔ ግን እጃቸውን ሲያነሱ እያየሁ ለእግዚአብሔር የሚያሳዩት ይመስለኝ ነበር። ካልሲ ምን ያደርግለታል ብዬ አልጠየቅኩም።

ልጃቸውን ባዘቶ እንላታለን። ከፀጉሯ ላይ የተነደፈ ጥጥ ብናኝ ጠፍቶ አያውቅምና። ስምንተኛ ክፍል ነበረች። የእኛን ቋንቋ ከእኛ አስበልጣ ታውቃለች፤ ተረቱን፣ ግጥሙን፣ ስድቡን ሳይቀር። አስተማሪያችን ታዲያ ሲያመሰግናት እንዲህ ነው፦ «እስቲ እፈሩ! እሷ እንኳ ደፈነች!» ያቺ «እንኳ» ከምስጋናው ውስጥ ወጥታ አታውቅም። ቤቷ ስትገባ ደግሞ አባቷ «ምላስሽን ከጫማሽ ጋር አውልቂ» ይላታል። የእኛ ቋንቋ ከእነሱ ደፍ አያልፍም።

«ትምህርት ቤት ስገባ የቤቱን በር ላይ እተዋለሁ፣ ቤት ስገባ የትምህርት ቤቱን» አለችኝ አንድ ቀን ግድግዳው ጥግ ተቀምጠን። «ደፍ ላይ ስቆም ዲዳ ነኝ።»

እኔ የእውነት ዲዳ ሆና የምትቀር መስሎኝ፣ ደፋቸው ላይ ባየኋት ቁጥር እየሮጥኩ ሄጄ አናግራት ነበር። «ደህና ነሽ? ተናገሪ እስቲ!» እላታለሁ። እሷም እጇን አንገቷ ላይ አድርጋ ታቃስትልኛለች። ጨካኝ ነበረች፣ ሲያሻት።

የአጎቷ ልጅ ለዚህ ሁሉ ቀላል መላ ነበረው። ሽቶ ይቀባል። ከቤት ሲወጣ ግማሽ ጠርሙስ ያርከፈክፋል፤ አባቱን መንገድ ላይ ፍራሽ ተሸክሞ ሲያገኘው እንደማያውቀው ሰው ቆሞ ያሳልፈዋል። በአክብሮት! ለዚህ ትሕትናው «ሽቶ» ብለን ሰየምነው። ሽቶን አስታውሱት፤ ኋላ ትልቅ ሰው ሆኖ ይመጣል።

በከተማችን ከስምንተኛ ክፍል በላይ ትምህርት አልነበረም። ባዘቶን የሚጠብቃት ዱላና ጥጥ ነው። በዚያ ዓመት ግን ማዘጋጃ ቤቱ ወሬ አመጣ። በትልቁ ከተማ ያለው አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ቁጥራቸው አነስተኛ ከሆኑት ማኅበረሰቦች አንድ አንድ ልጅ ሊወስድ ነው። ልጁ ግን በባህል ቀን፣ ከበላይ በሚመጣ እንግዳ ፊት፣ የሕዝቡን ባህል መድረክ ላይ ማቅረብ አለበት።

ባዘቶ ቁጭ ብላ ግጥም ጻፈች። በእኛ ቋንቋ፤ ስለ ጥጥ። ግድግዳው ጥግ ሆና ስታነብልኝ ምንም ሳይገባኝ አጨበጨብኩ። የገባቸውም ቢሆኑ ከዚያ የተሻለ ነገር አላደረጉላትም።

የባህል ክፍሉ ኃላፊ «ከረባት» ይባል ነበር። እሱ ከረባቱን ያሰረ ሳይሆን ከረባቱ እሱን እየጎተተ የሚያዞረው ነው የሚመስለው። አንድ ቀን ግቢያቸው ሰተት ብሎ ገባ። ከረባት ያሰረ ሰው እዚያ ቤት ሲገባ አይቼ ስለማላውቅ ባዘቶን ሊያጫት የመጣ መሰለኝ። ንግግሩም ከዚያ አልራቀም።

«ልጅቷን እንፈልጋታለን» አለ አባቷን። «ግን እንዲህ ባዶ እጇን አይሆንም።»

«ግጥም ጽፋለች» አለ አዳሹ፣ ዱላውን ሳያስቀምጥ።

«አይቼዋለሁ። ግሩም ነው። ችግሩ የእኛ ነው። በእኛ ቋንቋ፣ በእኛ ቤት አመታት። እንግዳው እሱንማ ጠግበውታል።» ወደ ባዘቶ ዞረ። «አንቺ የራስሽን አምጪ።»

«እሱም የራሴ ነው።»

«አይደለም» አላት በትዕግሥት፣ ለጠፋ ልጅ ቤቱን እንደሚያሳይ ሰው። «የአንቺ ሌላ ነው። ውዝዋዜያችሁን ማለቴ ነው።»

«ጭፈራ የለንም» አለ አዳሹ።

«ውዝዋዜ የሌለው ሕዝብ የለም።»

«እንግዲያው ሕዝብ አይደለንም። ደህና ይዋሉ።»

«ቀልድህን ተው፣ አንተ ሰው! ልጅቷ ቦታውን ታጣለች።»

አዳሹ ለሚስቱ በቋንቋቸው አንድ ነገር አላት፤ ዱላዋን አነሳች። ሸራው ላይ የቀረውን ጥጥ ተያያዙት። እንግዳን ሂድ ማለት ነውር ስለሆነ በአቧራ ነው የሚሸኙት። ከረባት ግን አልወጣም። አፉን ከፍቶ ቀረ። አንዱ ሲያነሳ አንዱ ሲያወርድ፣ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ።

«ይኸው!» ብሎ ጮኸ እያሳለ። «ይኸው እኮ! የታለ የለንም ያልከው?»

«ይሄ ፍራሽ ነው» አለ አዳሹ።

«ይሄ ቅርስ ነው!»

ባዘቶ አባቷን አየች፣ ከረባትን አየች፣ ዱላውን አየች። «አዎ» አለች ቀስ ብላ። «እሱ ነው። ለባዕድ መንገር ስለማይፈቀድ ነው አባቴ የደበቀው።»

አባቷ ዞር ብሎ አፈጠጠባት። ምስጢር ስላወጣች የተቆጣ መሰለኝ። ምስኪኑ ሰውዬ ምስጢሩን ገና ያን ሰዓት ነበር የሚሰማው።

«ያለ ጥጥ ግን ዱላ አላነሳም» አለ በመጨረሻ።

«ለማስመሰል እኮ ነው፣ ባዶውን…»

«ባዶ አልመታም። ካስፈለገ ፍራሽ ይምጣ።»

ከረባት ትንሽ አሰበ፤ ዓይኑ በራ። «የራሴን አመጣለሁ! ንጹሕ ጥጥ ነው። ባለቤቴም ይታደስ፣ ይታደስ ስትል ከርማለች።» ቅርስም ይጠበቃል፣ መኝታም በነፃ ይታደሳል ማለት ነው። ሹመት ያለ ምክንያት አይሰጥም።

እሱ ከሄደ በኋላ አባትና ልጅ በቋንቋቸው ሲከራከሩ ዋሉ። ከግድግዳው ማዶ የገባኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር። ለእሱ የራሳቸው ቃል የሌላቸው ይመስል፣ «ውዝዋዜ» የሚለውን በእኛ ቋንቋ ነበር የሚሉት። አባቷ ያንን ቃል ባነሳ ቁጥር እንትፍ ይላል።

የባህል ቀን ደረሰ። እናቴ የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ስለነበረች ከፊት ረድፍ ቀጥሎ ያለውን ወንበር አገኘን። መድረኩ በቀኝ በኩል ቀይ የከፋይ መጋረጃ አለው፤ በግራ በኩል ባዶ ዘንግ። እኔ መጋረጃ ማለት በአንድ በኩል ብቻ የሚሰቀል ነገር ይመስለኝ ነበር። የግራው «ለእጥበት ሄዷል» ከተባለ ዘመን አልፎታል። ለእጥበት የሚሄድ ነገር ሁሉ የሚያልፈው በእናቴ እጅ ነው፤ እሷ ግን አላጠበችውም። ስለዚህ አለቆቿ የተቆጡት እሷን ነበር።

ከረባት ድምፅ ማጉያውን ያዘ። «ከጥንት ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የምስጋና ውዝዋዜ!» አለ። ሁለት ዘበኞች ጥንታዊውን ፍራሽ ተሸክመው ገቡ።

አዳሹ ፍራሹን ተረተረው። ንጹሕ ጥጥ የተባለው መድረኩ ላይ ሲዘረገፍ ገለባ ነው፣ የተጨማደደ ጋዜጣ ነው፣ የቡትቶ ዘር ነው። ከረባት ለካ ምን ላይ እንደሚተኛ አያውቅም ኖሯል። አባትና ልጅ ግን ፊታቸውን ሳይቀይሩ መምታት ጀመሩ። ከመጀመሪያዎቹ ምቶች ጋር አንድ ካልሲ ብቅ አለ። አዳሹ ልማዱ ነውና ጎንበስ ብሎ አነሳው፣ ወደ ላይ ከፍ አደረገው፣ ፊት ረድፍ ለተቀመጠው ለባለቤቱ አሳየ። ከረባት ተሸማቀቀ። አጠገቡ የተቀመጡት ከበላይ የመጡት እንግዳ ግን ነገሩ ገባቸው። ለካልሲው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡ።

የኋላዎቹ ሴቶች ትከሻ መንቀጥቀጥ የጀመረው ያኔ ነው።

ቀጥሎ የተቀደደ የሌሊት ልብስ ወጣ። ታየ። እንግዳው እጅ ነሡ። ቀጥሎ የአንድ ወንበር እግር ወጣ፤ የከረባት ሚስት ፍራሹ ወፍራም እንዲመስል ይሆናል የጨመረችው። ታየ። አቧራው የፊቱን ረድፍ ሸፈነው። እንግዳው ወደ ኋላ ዞር ሲሉ ሴቶቹ አፋቸውን በሻሽ ሸፍነዋል፤ እሳቸውም በአክብሮት መሐረባቸውን አውጥተው አፋቸውን ሸፈኑ። ረድፉ በሙሉ ተከተላቸው። ማንም አልተነሳም። ባህል ሲቀርብ ማን ይወጣል? እኔ በዚያ ጭጋግ ውስጥ የእነዚያን ነገሮች ቅድስና እያየሁ ልቤ ይመታል። የወንበር እግር ያመልካሉ ብዬ ስንት ዓመት እንዳከበርኳቸው!

ከዚያ የአዳሹ እጅ ቀይ ጨርቅ ይዞ ወጣ።

ከፋይ ነው። ጠርዙ በቢጫ ክር ተዘምዝሟል። አጠገቤ እናቴ የእጄን አንጓ ጨብጣ እስኪያመኝ ያዘችኝ። አዳሹ ጨርቁን አየ። በቀኝ በኩል የተሰቀለውን መጋረጃ አየ። ዱላው አየር ላይ ቆመ። ሌላኛው እጁ፣ ዕድሜ ልኩን እንደለመደው፣ ቀስ እያለ መነሳት ጀመረ። የወጣ ነገር ይታያል። ከረባትን አየሁት፤ ከረባቱ ራሱ አንቆ የያዘው ይመስል ነበር። ጭፈራው ጫፍ የደረሰ መሰለኝ።

ባዘቶ ተራዋን አልጠበቀችም። በአባቷ ዱላ ሥር ሾልካ ተሻገረች። ቀዩን ጨርቅ ከእጁ ወሰደች፣ አንዴ አራገፈችው፣ ወገቧ ላይ ጠመጠመችው፣ በግራ ጎኗ ቋጠረችው። ከዚያ ዱላዋን አንስታ መታች። ተራው የአባቷ ነው። እሱ ካላወረደ ሁሉም ነገር እዚያ ላይ ያበቃል። የአዳሹ ዱላ አየር ላይ ነው። ባዘቶ ትጠብቃለች፤ ዓይኗ ጉልበቱ ላይ ነው እንጂ ፊቱን አታይም።

አወረደው።

«ቀዩ መቀነት ምንን ያመለክታል?» አሉ እንግዳው በመሐረባቸው ውስጥ።

ከረባት ግንባሩን ጠረገ። «ደም ነው ክቡርነትዎ። የአባቶቻቸው ደም።»

«ድንቅ ነው!»

እናቴን ለምን እንደሚያለቅሱ የጠየቅኳት ይሄኔ ነው። ከንፈሯን ያላንቀሳቀሰችው ነክሳው ስለነበር ነው። ያንን ቢጫ ጠርዝ የዘመዘመችው በገዛ እጇ ነበር። ይህን የነገረችኝ እኔ ራሴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። «ለምን አልጮህሽም?» ስላት፣ «ብጮህ ኖሮ እሱ ሹመቱን፣ እኔ ሥራዬን፣ ልጅቷ ትምህርቷን» አለችኝ። «ማን መጀመሪያ እንደሚያጣ አንቺም አይጠፋሽም።» ገለባውንም በኋላ የጠረገችው እሷ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቧራዎቹን ማማት ተወች። ካውያውን ግን አልመለሰችም።

ቦታው ለባዘቶ መሰጠቱ እዚያው መድረክ ላይ ተነገረ። ከረባት እጇን ሲጨብጥ ዓይኑን ከወገቧ መንቀል አልቻለም። መቀነቷን ትፈታለት እንደሆነ ብሎ ይሁን እንጃ፤ እሷ ግን እንዳሰረችው ወጣች።

ወደ ቤት ስንመለስ ከፊታችን አባትና ልጅ ይሄዳሉ። አዳሹ ዱላዎቹን በብብቱ ይዟል።

«የወጣ ነገር ይታያል» አላት። በእኛ ቋንቋ። እሷን በእኛ ቋንቋ ሲያናግራት ሰምቼ ስለማላውቅ የታረቃት መሰለኝ።

«በቋንቋችን ንገረኝ» አለችው።

«ለእንዲህ ያለው ነገር የእነሱ ይበቃል።»

ባዘቶ የመቀነቷን ቋጠሮ ጠበቅ አደረገች።

«አሳይቻለሁ እኮ አባዬ። አዳራሹ ሙሉ አየው።»

«ባለቤቱስ?»

«ባለቤቱ ከሁሉም በፊት አየው።»

አዳሹ መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ጀርባውን ነው የማየው። ትከሻው አንዴ ተነሳና ወረደ፣ ደግሞ ተነሳ። ይኸው እሱም አለቀሰ ብዬ እናቴን ልነግራት ስዞር፣ እሷም በነጠላዋ ፊቷን ሸፍናለች።

ባዘቶ ሄደች፤ ተማረች። ዛሬ አስተርጓሚ ናት። ደፍ ላይ መቆም ሥራ ሆነላት፤ ለዚያውም ዲዳ ሳትሆን። ባለፈው ሰሞን ዘመድ ልትጠይቅ መጥታ ለባህል ቀን ይዣት ሄድኩ። አዳራሹ አሁን በሁለቱም በኩል መጋረጃ አለው፤ ሰማያዊ ናይለን። በሁለቱም በኩል ያስጠላል።

ድምፅ ማጉያውን የያዘው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሽቶ! የባህል ማኅበሩ ሊቀመንበር። አባቱን መንገድ ላይ የሚያሳልፈው ልጅ አሁን ለአባቶች ክብር ጉሮሮውን ይጠርጋል። ሽቶው ከነበረበት አልቀነሰም፤ እኛ እስከተቀመጥንበት ድረስ መጥቶ ሰላም አለን። «ቀዩ መቀነት የአባቶቻችን ደም ነው!» ይላል። «ቢጫው ጠርዝ ደግሞ ተስፋችን!» ሕዝቡ ያጨበጭባል። ፍራሹ ሁሉ ስፖንጅ ከሆነ ወዲህ ሰፈሩ ውስጥ ጥጥ የሚመታ የለም። ልጆቹ የሚመቱት አየር ነው። ካናቴራቸው ላይ በትልቁ «አቧራ» ተብሎ ተጽፏል፤ የቡድናቸው ስም ነው። ትምህርት ቤት ሲሰድቧቸው ደረታቸው ላይ ጻፉት አሉ። እሱስ ይሁን፣ ወደድኩላቸው።

ጭፈራው ሊጀመር ሲል አንዲት ልጅ፣ የባዘቶ የወንድም ልጅ፣ ቀዩን መቀነት ይዛ እየሮጠች መጣች።

«አክስቴ፣ ቋጠሮው በቀኝ ነው በግራ? ሊቀመንበሩ በቀኝ ነው ይላሉ፣ ከላይኛው ሰፈር ያሉት በግራ ነው ብለው ተጣልተናል።» በእኛ ቋንቋ ነው የጠየቀቻት፤ በእነሱ ቋንቋ የምታውቀው ዘፈኑን ብቻ ነው።

ባዘቶ መቀነቱን ተቀበለቻት። ጠመጠመችላት፣ አጥብቃ ቋጠረችላት። «በግራ» አለቻት ፊቷን ኮስተር አድርጋ። «የግራው ነው የነበረው።»

ልጅቷ እንደ ታቦት የከበረ ነገር የተነገራት ይመስል ፊቷ በርቶ ወደ መድረኩ ሮጠች። ዱላዎቹ ተነሱ። አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ። ሽቶ ስለ ደሙ ቀጠለ። እኔ መታገስ አቃተኝና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አልኩ።

«አንቺ፣ ኧረ እውነቱን ንገሪያቸው!»

ባዘቶ ዓይኗን ከመድረኩ ሳትነቅል የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ ሰበሰበች።

«ተይ እባክሽ» አለችኝ። «መጋረጃውን መልሱ ቢሉንስ?»